አርማው ለምን ደበዘዘ? ቬክተርንና ቢትማፕን ለይቶ ትክክለኛውን ፋይል የማዘጋጀት መመሪያ

ጠያቂው ይለያያል፤ ጥያቄው ግን አይለወጥም። «አርማችን በስልኬ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሲታተም ለምን ደበዘዘ?» ይሉኛል። መልስ ስጀምር ደግሞ ሁለተኛው ይከተላል፦ «ታዲያ ቬክተር ይሻላል ወይስ ቢትማፕ?» ለእያንዳንዱ ሰው ከመጀመሪያው እየጀመሩ ማስረዳት ስላደከመኝ ሥራውን በቅደም ተከተል እዚህ አስፍሬዋለሁ።

ሁለተኛውን ጥያቄ አሁኑኑ ልመልሰው፤ በደፈናው የሚሻል የለም። ምስሉ የት እንደሚውልና በምን ያህል ስፋት እንደሚታይ ሳይታወቅ የፋይል ዓይነት መምረጥ ልክ ሳይወስዱ ልብስ እንደ መቁረጥ ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች በአብዛኛው ያንን ልክ ስለ መውሰድ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኮምፒውተር። ስልክ ምስሉን ለማየት ይበቃል፤ ለዚህ ሥራ ግን አይመችም።
- የቬክተር መሥሪያ ፕሮግራም። ምሳሌዎቼ በኢንክስኬፕ ላይ ናቸው፤ በነፃ ስለሚገኝ ማንም ሊከተለኝ ይችላል። ኢሉስትሬተር ወይም ኮረልድሮው ያለው ሰው ተመሳሳዩን ትእዛዝ በሌላ ስም ያገኘዋል።
- የቢትማፕ ማስተካከያ ፕሮግራም፤ ጂምፕ ወይም ፎቶሾፕ።
- ተራ የጽሑፍ መክፈቻ፣ ለምሳሌ ኖትፓድ። ለምን እንደሚያስፈልግ በደረጃ 2 ይታያል።
- ምስሉ መጀመሪያ የተሠራበት ፋይል፤ እሱ ከጠፋ ከቅጂዎቹ ሁሉ ትልቁ።
- ምስሉ የሚታተምበት ወይም የሚታይበት ስፋት በሴንቲሜትር ወይም በፒክስል። ሰዎች ሁልጊዜ የሚረሱት ይህንን ነው፤ ያለ እሱ ደግሞ ደረጃ 3 ሊሠራ አይችልም።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ሁለቱ በምን ይለያያሉ?

ቢትማፕ የነጥቦች ሰሌዳ ነው። በትንንሽ ባለቀለም ጠጠሮች የተሸፈነ ወለል ያስቡ፤ እያንዳንዱ ጠጠር አንድ ፒክስል ነው። ወርዱ 4,000፣ ቁመቱ 3,000 ፒክስል የሆነ ፎቶግራፍ 12 ሚሊዮን ጠጠሮች አሉት። ለእያንዳንዱ ጠጠር የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን በ3 ባይት ከተመዘገበ ምስሉ ሳይታመቅ 36 ሚሊዮን ባይት ይይዛል። ይህን ወለል ዘርግተው ሁለት እጥፍ ቢያሰፉት አዲስ ጠጠር ከየትም አይመጣም። ኮምፒውተሩ ክፍተቱን የሚሞላው የጎረቤቶቹን ቀለም አይቶ በግምት ነው። ብዥታ ብለን የምንጠራው ያንን ግምት ነው።

ቬክተር ሥዕል ሳይሆን የአሣሣል ትእዛዝ ነው። «ከዚህ ነጥብ ተነሣ፣ ይህን ያህል ጎብጠህ እዚያ ነጥብ ድረስ፣ የከበብከውን ቀይ ቀባ» ይላል። ምስሉ ሲሰፋ ትእዛዙ በአዲሱ ልክ እንደገና ይሰላል፤ ስለዚህ ጠርዙ እንደጠራ ይቆያል። በአንጻሩ የሰው ፊት ላይ ያለውን የብርሃንና የጥላ ሽግግር ሁሉ በትእዛዝ ልጻፍ ቢባል ለእያንዳንዷ የቀለም ለውጥ የራሷ ቅርጽ ሊኖራት ነው። ፎቶግራፍ በቬክተር የማይያዘው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ የኮምፒውተር ማያም ሆነ የተለመዱት ማተሚያ ማሽኖች የሚሠሩት በነጥብ ነው። ስለዚህ ቬክተሩም ቢሆን በመጨረሻ ወደ ነጥብ መለወጡ አይቀርም። ልዩነቱ የሚለወጥበት ጊዜ ነው። ቢትማፕ ገና ሲፈጠር የነጥቦቹ ቁጥር ይቆረጥለታል፤ ቬክተር ግን የመድረሻው ልክ እስኪታወቅ ይጠብቃል።

ደረጃ 1፦ መድረሻዎቹን በወረቀት ላይ ይጻፉ

ምስሉ የሚውልባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ይዘርዝሩ፤ ድረ ገጽ፣ የስም ካርድ፣ የመንገድ ላይ ትልቅ ሰሌዳ፣ ካናቴራ፣ ማኅተም። በእያንዳንዱ ፊት ስፋቱን ይጻፉ። ከዚያ ደግሞ መድረሻው ማያ ነው፣ ህትመት ነው ወይስ የሚቆርጥ ማሽን የሚለውን ያክሉ።

ሦስተኛውን ሰዎች አያስቡትም። ተለጣፊ ፕላስቲክ የሚቆርጥ ማሽን ስለቱ የሚሄድበት መስመር ይፈልጋል። ቢትማፕ ውስጥ መስመር የሚባል ነገር የለም፤ መስመር የሚመስሉ የተደረደሩ ነጥቦች ብቻ ናቸው። ሌዘር ቢትማፕን ገጽ ላይ ሊቀርጽ ይችላል፤ ዙሪያውን ቆርጦ እንዲያወጣ ሲፈለግ ግን እሱም መስመር ያሻዋል። ስለዚህ ከመድረሻዎችዎ አንዱ እንኳ መቁረጫ ከሆነ ዋናው ፋይል ቬክተር መሆኑ ከወዲሁ ተወሰነ ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ በእጅዎ ያለው ፋይል በእርግጥ ምን እንደሆነ ይፈትሹ

የፋይሉን ስም መጨረሻ አይመኑ። ጄፔግ፣ ፒኤንጂ፣ ጂአይኤፍ፣ ዌብፒና ቲፍ ቢትማፕ ናቸው፤ እዚህ ላይ ብዙ ችግር የለም። ኤስቪጂ፣ ፒዲኤፍ፣ ኢፒኤስና ኤአይ ግን ከረጢት ናቸው። ቬክተር ይይዛሉ፤ ቢትማፕም ይይዛሉ። አንድ ጊዜ «ቬክተሩን ልኬልሃለሁ» የተባልኩበትን ፒዲኤፍ ስከፍት ውስጡ ያገኘሁት ከድረ ገጽ ላይ የተወሰደ አንዲት ትንሽ ጄፔግ ነበር። ላኪው አልዋሸኝም፤ ፒዲኤፍ ሁሉ ቬክተር ነው ብሎ ያምን ነበር።

ፍተሻው በሦስት መንገድ ይሠራል።

ሀ) ፋይሉን ከፍተው ወደ 800 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ያጉሉት፤ ዓይንዎን በተጠማዘዘ ጠርዝ ላይ ያሳርፉ። ደረጃ ደረጃ የሠራ ወይም ጭጋግ የለበሰ ጠርዝ ካዩ ቢትማፕ ነው። ጠርዙ እንደ ምላጭ ከጠራ ቬክተር የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። «ዕድሉ» ያልኩት በጣም ትልቅ ቢትማፕም በዚህ ርቀት ሊያታልል ስለሚችል ነው።

ለ) በኢንክስኬፕ ከፍተው ከ«ቪው» ምናሌ «ዲስፕለይ ሞድ» ውስጥ «አውትላይን»ን ይምረጡ። ይህ ቀለሙን ሁሉ ገፎ አጽሙን ብቻ ያሳያል። የአርማውን ቅርጽ የሚከተሉ ቀጭን መስመሮች ከታዩ ቬክተር ነው። በዙሪያው አንድ አራት ማዕዘን ክፈፍ ብቻ ካለ ውስጡ የተቀመጠ ቢትማፕ ነው።

ሐ) ፋይሉ ኤስቪጂ ከሆነ በኖትፓድ ይክፈቱት። ኤስቪጂ የሚነበብ ጽሑፍ ነው፤ የነጥቦች መጋጠሚያ ቁጥሮችና የቅርጽ ስሞች ይታያሉ። በምትኩ ገጽ ሙሉ ያለ ክፍተት የሚወርድ ትርጉም የለሽ የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ካዩ አንድ ሰው ቢትማፕን በኤስቪጂ ልብስ ሸፍኖታል።

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ስህተቱን የሚያውቀው ህትመቱ እጁ ሲገባ ነው።

ደረጃ 3፦ ቢትማፕ ከሆነ ፒክስሉ ይበቃ እንደሆነ ያስሉ

በእጅ ተይዞ ለሚነበብ ህትመት የተለመደው መለኪያ በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲሜትር ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦

የሚፈለገው ስፋት በሴንቲሜትር ÷ 2.54 × 300 = የሚያስፈልገው ፒክስል

10 ሴንቲሜትር ለሚሰፋ ምስል 1,181 ፒክስል ያስፈልጋል። ሙሉ ኤ4 ገጽ፣ ማለትም 21 በ29.7 ሴንቲሜትር፣ 2,480 በ3,508 ፒክስል ይጠይቃል።

ስሌቱን ገልብጠው ይጠቀሙበት፤ የሚበልጠው ጥቅም እዚያ ነው። በእጅዎ ያለው አርማ 600 ፒክስል ከሆነ 600ን ለ300 አካፍለው በ2.54 ቢያባዙ 5.08 ሴንቲሜትር ያገኛሉ። ጥራቱን ጠብቆ የሚታተምበት ጣሪያ ይህ ነው። ያንኑ ፋይል በ30 ሴንቲሜትር ላይ ከዘረጉት በኢንች የሚደርሰው 51 ፒክስል ገደማ ብቻ ይሆናል። በስልክ ላይ ጥርት ብሎ የታየው ስልኩ አሳንሶ ስላሳየው ነው። የመግቢያው ጥያቄ መልስ ይኸው ነው።

ከሩቅ ለሚታይ ትልቅ ሰሌዳ መለኪያው ይላላል፤ ዓይን ከርቀት ነጥቦቹን መለየት ስለማይችል በኢንች 100 ፒክስል፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ይበቃል። ሆኖም 3 ሜትር ለሚሰፋ ሰሌዳ በ100 እንኳ ሲሰላ 11,811 ፒክስል ይመጣል። ለፎቶግራፍ ከባድ ቢሆንም ይሞከራል፤ ለአርማ ግን በዚህ መንገድ መሄድ ከንቱ ድካም ነው። ቬክተሩ ካለ ሰሌዳው 3 ሜትርም ይሁን 30 ፋይሉ ያው ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። በጂምፕ «ፕሪንት ሳይዝ» የሚለው ሳጥን ውስጥ 72 የነበረውን ወደ 300 መቀየር ምስሉን አያሻሽለውም። ቁጥሩ ለማተሚያው የተጻፈ ማስታወሻ ብቻ ነው፤ ያሉት ነጥቦች ይበልጥ ተጠጋግተው ምስሉ በወረቀት ላይ ያንሳል እንጂ አንድም ነጥብ አይጨመርም። «ስኬል ኢሜጅ» ደግሞ ነጥብ ይጨምራል፤ የሚጨምረው ግን ግምት ነው።

ደረጃ 4፦ ዋናው ፋይል ምን እንደሚሆን ይወስኑ

ፎቶግራፍ፣ በእጅ የተቀባ ሥዕል፣ ረቂቅ የቀለም ሽግግር ያለው ነገር፦ ቢትማፕ። አርማ፣ ምልክት፣ ሠንጠረዥ፣ ካርታ፣ ጽሑፍ፦ ቬክተር።

ሁለቱም የተቀላቀሉበት ሥራ ሲሆን፣ ለምሳሌ ፎቶግራፍና ርእስ ያለው ማስታወቂያ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ጨፍልቀው ቢትማፕ አያድርጉት። ፎቶግራፉን በበቂ ፒክስል አዘጋጅተው በቬክተር ገጽ ላይ ያስቀምጡ፤ ጽሑፉና አርማው ቬክተር እንደሆኑ ይቆዩ፤ በፒዲኤፍ ያውጡት። እንዲህ ሲሆን ፎቶግራፉ የራሱን ጥራት፣ ፊደሉም የራሱን ጥራት ይዞ ማሽኑ ዘንድ ይደርሳል። የተጨፈለቀ ገጽ ላይ ግን ትንንሽ ፊደላት ከፎቶግራፉ ጋር አብረው ይደበዝዛሉ።

ደረጃ 5፦ ቢትማፕ ብቻ የቀረለትን አርማ ወደ ቬክተር ይመልሱ

ጊዜ የሚበላው ይህ ደረጃ ነው፤ ብዙዎች ደግሞ አንድ ቁልፍ ተጭነው የሚያልፉት ይመስላቸዋል።

1. መጀመሪያ ይፈልጉ። ከመሥራትዎ በፊት አርማውን የሠራውን ሰው ይጠይቁ። ካልተገኘ የድርጅቱን የቆዩ ፒዲኤፍ ሰነዶች ይመልከቱ፤ የደብዳቤ ራስጌ፣ ዓመታዊ ሪፖርት፣ የሥራ ማስታወቂያ። በእነዚህ ውስጥ እውነተኛው ቬክተር ሳይታወቅ የሚቀመጥበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ፒዲኤፉን በኢንክስኬፕ ከፍተው በደረጃ 2 እንደተባለው አጽሙን ያዩታል፤ ቬክተር ከሆነ ነጥለው ያስቀምጡት፤ የቀረውን የዚህን ደረጃ ሥራ ይዝለሉት።

2. ካልተገኘ ቢትማፑን ያጽዱ። በጂምፕ ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ያሳድጉት፣ የጥቁርና የነጭ ልዩነቱን ከፍ ያድርጉ፣ ቆሻሻ ነጥቦችን ያጥፉ። አሁን ግምት ያለበት ማሳደግ ጥፋት አይደለም፤ የሚፈለገው ጠርዙ የት እንደሚያልፍ ማሳየት ብቻ ነው። ሳያጸዱ ከሄዱ በጠርዙ ዙሪያ ያለውን ግራጫ ጭጋግና የጄፔግ ብናኝ ፕሮግራሙ እንደ ቅርጽ ቆጥሮ አንድ በአንድ ይስልልዎታል።

3. ምስሉን ወደ ኢንክስኬፕ አስገብተው ይምረጡት፤ ከ«ፓዝ» ምናሌ «ትሬስ ቢትማፕ»ን ይክፈቱ። ባለ አንድ ቀለም ከሆነ «ብራይትነስ ከትኦፍ» ይበቃል፤ ቁጥሩን ከፍና ዝቅ እያደረጉ ቅድመ እይታውን ይመልከቱ። ባለ ብዙ ቀለም ከሆነ ወደ ብዙ ቅኝት ይሂዱና በዓይን የሚቆጠሩትን ቀለሞች ቁጥር ያስገቡ። «ስታክ» የሚለውን ምልክት ያድርጉበት፤ ቅርጾቹ ጎን ለጎን ከመቆም ይልቅ አንዱ ከሌላው ሥር ስለሚገባ በቀለማት መካከል ነጭ ስንጥቅ አይታይም።

4. የቀድሞውን ቢትማፕ ከሥር ያጥፉ። የተሣለው ቬክተር ልክ ምስሉ ላይ ስለሚቀመጥ ምንም የተለወጠ አይመስልም። የላዩን ጎተት አድርገው ከሥሩ የቀረውን ይሰርዙ። ይህን ረስቶ ሁለቱንም አንድ ላይ ያስቀመጠ ሰው ቁጥር ስፍር የለውም፤ እኔም አንዱ ነበርኩ።

5. ነጥቦቹን ይቁጠሩ። እዚህ ነጥብ የምለው ፒክስልን ሳይሆን የቬክተሩ መስመር የሚያልፍባቸውን መያዣ ነጥቦች ነው። የነጥብ ማስተካከያ መሣሪያውን ይዘው ሁሉንም ሲመርጡ ከታች ባለው መስመር ላይ ቁጥሩ ይጻፋል። አንድ ክብ 4 ነጥብ ይበቃዋል። የእርስዎ ክብ 40 ካለው ዙሪያው መንቀጥቀጡ አይቀርም፤ በሰሌዳ ላይ ሲጎላ ደግሞ ይጋለጣል። «ሲምፕሊፋይ» ነጥብ ይቀንሳል፤ በተከታታይ ቶሎ ቶሎ ሲጫኑት ግን እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው የበረታ ስለሚሆን ሹል ማዕዘኖች ይቀልጣሉ። አንድ ጊዜ ይጫኑ፤ ይመልከቱ።

6. ክብ፣ አራት ማዕዘንና ቀጥታ መስመር የሆነውን ሁሉ ያጥፉና በመሣሪያው እንደ አዲስ ይሣሉት። ፊደላቱንም እንዲሁ፤ የተጻፉበት የፊደል ዓይነት ከታወቀ እንደገና ይተይቧቸው። ፕሮግራሙ በራሱ ሲስል የፊደል ጠርዝን ብዙ ጊዜ ያበላሻል።

እዚህ ላይ የራሴን ምክር ልጨምር። አርማው ጥቂት ቀላል ቅርጾች ብቻ ካሉት ከቁጥር 3 እስከ 6 ያለውን ትቼ ምስሉን 50 በመቶ ብርሃን አሳላፊ አድርጌ፣ ቆልፌ፣ ከላዩ በብዕር መሣሪያው በእጄ እስለዋለሁ። ሰነፍ መስሎ የሚታየው መንገድ፣ ማለትም ማሽኑ ይሣል ብሎ መተው፣ ኋላ በማጽዳት የሚወስደው ጊዜ ይበልጣል። በእጅ ሲስሉ ነጥቦችን ጥምዙ ጫፍ በደረሰባቸው ቦታዎች፣ ማለትም በላይኛው፣ በታችኛው፣ በግራና በቀኝ ጥግ ላይ ያስቀምጡ። ጥምዙን ኋላ ለማስተካከል የሚመቸው ነጥቡ እዚያ ሲሆን ነው።

ፎቶግራፍን ግን በዚህ መንገድ አያስገቡ። ውጤቱ በሺዎች የሚቆጠሩ የቀለም ቁርጥራጮች ነው፤ ፋይሉ ከፎቶግራፉ ሊከብድ ይችላል፤ መልኩም ከፎቶግራፍ ይልቅ ተቆራርጦ የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል። ያንን መልክ ፈልገው ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ደረጃ 6፦ በቅጂው ላይ ፊደላትንና መስመሮችን ወደ ቅርጽ ይለውጡ

ፋይሉ የተጻፈበት የፊደል ዓይነት በተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ፕሮግራሙ የራሱን ይተካል፤ ወይም ባዶ ሳጥኖች ይደረድራል። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ላይ ይህ በብዛት ይደርሳል። ስለዚህ ጽሑፉን መርጠው ከ«ፓዝ» ምናሌ «ኦብጀክት ቱ ፓዝ» ይበሉ። ከዚያ ወዲያ ፊደሉ ፊደል መሆኑ ይቀርና ቅርጽ ብቻ ይሆናል።

ውፍረት ያላቸውን መስመሮችም በ«ስትሮክ ቱ ፓዝ» ይለውጡ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ አንዳንድ ፕሮግራሞች ቅርጹን ሲያሳንሱ የመስመሩን ውፍረት እንዳለ ይተዉታል። ትልቁ ላይ ቀጭን የነበረው መስመር ስም ካርድ ላይ እንደ ገመድ ወፍሮ ይመጣል።

ከተለወጠ በኋላ የፊደል ግድፈት ማረም አይቻልም። ስለዚህ ይህ የሚሠራው በቅጂ ላይ ብቻ ነው፤ የሚታረመው ዋና ፋይል ለብቻው ይቀመጥ።

ደረጃ 7፦ ለእያንዳንዱ መድረሻ የራሱን ቅጂ ያውጡ

በደረጃ 1 የጻፉትን ዝርዝር ያውጡና በየተራ ይሂዱ።

ለማተሚያ ቤትና ለመቁረጫ ማሽን ፒዲኤፍ ይላኩ፤ ማሽኑ የሚፈልገው ኤስቪጂ ወይም ኢፒኤስ ከሆነ እሱን ይስጡ። ኢፒኤስ በከፊል የሚያሳልፍ ቀለምን እንዳለ መያዝ አይችልም፤ ጥላ ወይም ስስ ሽፋን ያለበትን ሥራ በኢፒኤስ ሲያወጡ ይጠንቀቁ።

ለድረ ገጽ አርማ ኤስቪጂ። ትንሽ ነው፣ በየትኛውም ማያ ላይ ይጠራል። ብዙ የማኅበራዊ መገናኛ ገጾችና የቢሮ ፕሮግራሞች ግን ኤስቪጂ አይቀበሉም፤ ለእነሱ ፒኤንጂ ያውጡ። ፒኤንጂ ምስሉን ሲያምቅ ምንም አይጥልም፣ ዳራውንም ባዶ መተው ይችላል። የህትመት ቀለም ሥርዓትን ማለትም ሲኤምዋይኬን ስለማይዝ ግን ለማተሚያ ቤት ቀዳሚ ምርጫ አይደለም።

ለፎቶግራፍ ጄፔግ። ትንሽ የሚሆነው ዓይን በቀላሉ የማይለየውን መረጃ እየጣለ ስለሆነ ለፎቶግራፍ ይመቻል፤ ለአርማና ለጽሑፍ ግን ሹል ጠርዝ ዙሪያ ብናኝ ይተዋል። ባዶ ዳራም አያውቅም። ዌብፒ ለድረ ገጽ የሁለቱን ሥራ ይሠራል፤ እየጣለም ሳይጥልም ያምቃል፣ ባዶ ዳራም ይይዛል። ጂአይኤፍ በአንድ ምስል 256 ቀለም ብቻ ስለሚይዝ ለአጫጭር ተንቀሳቃሽ ምስሎች ካልሆነ ይለፉት።

ፒኤንጂ ሲያወጡ ከቬክተሩ በቀጥታ በሚፈለገው ፒክስል ያውጡ። ከዚህ ቀደም የወጣን ትንሽ ፒኤንጂ ማሳደግ ወደ ደረጃ 3 ችግር መመለስ ነው።

ቬክተር ሁሉን ይፈታል የሚል እምነት የሚሰበረው በጣም ትንንሽ ምልክቶች ላይ ነው። በአሳሽ ገጽ ጫፍ ላይ የሚታየው ምልክት 16 በ16 ፒክስል ሊሆን ይችላል፤ በጠቅላላው 256 ነጥብ። የአርማው ቀጭን መስመር በሁለት ፒክስሎች ድንበር ላይ ካረፈ ሁለቱንም ግማሽ ግማሽ ቀብቶ ግራጫ ጭጋግ ይሆናል። መፍትሔው ለዚህ ልክ የተለየ አርማ መሥራት ነው፤ ጽሑፉን ያስወግዱ፣ መስመሩን ያወፍሩ፣ ቅርጾቹን በፒክስል መስመር ላይ ያሳርፉ። አንድ ፊደል ብቻ ቢቀርም ይበቃል።

ደረጃ 8፦ ከመላክዎ በፊት ይፈትሹ

የወጣውን ፋይል በሠሩበት ሳይሆን በሌላ ፕሮግራም ይክፈቱት፤ ለኤስቪጂና ለፒዲኤፍ የድረ ገጽ አሳሽ ይበቃል። የተሠራበት ፕሮግራም የራሱን ጉድለት ይሸፍናል። ከዚያ በነጭም በጥቁርም ዳራ ላይ ያስቀምጡት። በመጨረሻ በተራ ወረቀት ላይ በትክክለኛው ስፋት አትመው ክንድ በሚያህል ርቀት ይዩት። ሰሌዳ ከሆነ ከፊሉን ቆርጠው በእውነተኛው ልክ ያትሙ።

ማስጠንቀቂያ

- ጄፔግን ከፍቶ፣ አርሞ፣ መልሶ በጄፔግ ማስቀመጥ በየዙሩ ተጨማሪ መረጃ ይጥላል። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ጡቦች ከፋፍሎ ስለሚያምቅ ሲደጋገም ጡቦቹ በዓይን መታየት ይጀምራሉ። እርማቱን በፕሮግራሙ የራሱ ፋይል ያስቀምጡ፤ ጄፔግ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይውጣ።
- በመልእክት መተግበሪያ ምስል ሲልኩ በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ይላኩ። በፎቶ መልክ ሲሄድ መተግበሪያው አሳንሶና አምቆ ያደርሰዋል፤ ያጠራቀሙት ፒክስል መንገድ ላይ ይቀራል።
- ኤስቪጂ ውስጥ የሚሠራ የፕሮግራም ትእዛዝ ሊደበቅ ይችላል። ምንጩን የማያውቁትን ኤስቪጂ በድረ ገጽዎ ላይ አይጫኑ።
- የሌላ ሰው አርማን በቬክተር መሣል የእርስዎ አያደርገውም።

የተለመዱ ስህተቶች

የፋይሉን ስም መጨረሻ ከጄፔግ ወደ ኤስቪጂ በእጅ መቀየር ከሁሉ የቀለለውና ምንም የማይሠራው ነው፤ ስሙ ተለወጠ እንጂ ውስጡ ያው ነው፣ ብዙ ጊዜም ፋይሉ አልከፈት ይላል። ቢትማፕን ወደ ኢንክስኬፕ አስገብቶ «ሴቭ» ማለትም ከዚህ አይሻልም፤ በደረጃ 2 ያየነው የተሸፈነ ቢትማፕ የሚወለደው እንዲህ ነው።

ነጭ ዳራን ከባዶ ዳራ ጋር ማምታታት ሌላው ነው። በነጭ ገጽ ላይ ሁለቱ አይለዩም፤ አርማው ቀለም ባለው ገጽ ላይ ሲቀመጥ ግን ነጭ ሳጥን ይዞ ብቅ ይላል። ሳጥኑን ከጄፔግ ላይ ቆርጠው ካወጡት ደግሞ በጠርዙ ዙሪያ ነጣ ያለ ክር ይቀራል፤ ያ ክር የነጩና የአርማው ቀለም የተቀላቀለበት ፒክስል ስለሆነ በመቁረጥ አይለቅም።

ከኮምፒውተር ማያ ላይ የተነሣ ምስል ለህትመት መስጠትም አለ። ማያው 1,920 ፒክስል ከሆነ ማያውን ሙሉ የያዘ ምስል እንኳ በጥሩ ጥራት የሚታተመው 16 ሴንቲሜትር ገደማ ድረስ ነው፤ አርማው ደግሞ ከማያው አንድ ጥግ ላይ የተቀመጠ ቁራጭ ነው።

በኢንክስኬፕ ብዥታና ጥላ የጨመሩበት ቅርጽ በፒዲኤፍ ሲወጣ ያ ክፍል ወደ ቢትማፕ ይለወጣል። ለህትመት የሚሄድ አርማ ላይ ጥላ አያድርጉ፤ የግድ ከሆነ ሲያወጡ ለዚያ ክፍል የሚሰጠውን የፒክስል ጥራት ወደ 300 ከፍ ያድርጉት።

ማተሚያ ቤቱ «ቬክተሩን ላኩልን» ሲል ፒዲኤፉን ብቻ ልኮ ዝም ማለትም ስህተት ነው። አብረው አንድ ፒኤንጂ ይላኩና «ሲከፈት ይህን መምሰል አለበት» ብለው ይጻፉበት። ፊደል ቢተካ፣ ቀለም ቢዛባ ወይም አንድ ቅርጽ ቢጠፋ ሠራተኛው የሚያነጻጽርበት ነገር ይኖረዋል፤ ማሽኑ ሳይነሣም ይደውልልዎታል።